በድርቅ ጊዜ ውሃ ለመቆጠብ ስለሚወጡ የአካባቢ አስተዳደር ደንቦች፤ ከኬፕ ታውን ከተማ የተገኘ ልምድ

ድርቅ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የእህል እጥረት ነው። የእርዳታ ሥራም በአብዛኛው የሚለካው በኩንታል ነው። ይሁን እንጂ በከተሞችና ሕዝብ ተሰብስቦ በሰፈረባቸው ቦታዎች ሁሉ አስተዳደሩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈታተነው የውሃ ጉዳይ ነው። እህል ከሩቅ ወደብ ተጭኖ ሊመጣ ይችላል፤ ለአንድ ታላቅ ከተማ ሕዝብ የዕለት ውሃ በቦቴ ማመላለስ ግን ከአቅም በላይ ነው። በመሆኑም ምንጩ እየቀነሰ ሲሄድ ለአካባቢው ባለሥልጣን የሚቀረው ዋነኛ መሣሪያ ደንብ አውጥቶ ያለውን ውሃ መቆጠብና ማከፋፈል ነው።

ደንብ ማውጣት በራሱ አያስቸግርም። «ውሃ ቆጥቡ» የሚል ማስታወቂያ አባዝቶ በየጽሕፈት ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ለማንም ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነዋሪው ሊፈጽመው የሚችል፣ አስተዳደሩ ሊቆጣጠረው የሚችልና ቀድሞውንም ጥቂት የሚቀዳውን ችግረኛ የማይጎዳ ደንብ ማውጣቱ ላይ ነው። ይህንን ለማስረዳት የደቡብ አፍሪካዋ የኬፕ ታውን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ያሳለፈችው ድርቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ምክንያቱም ደንቡ በዚያ ደረጃ በደረጃ የወጣ ከመሆኑም በላይ የግድቦቹ መጠንና የከተማይቱ ፍጆታ በየጊዜው በአኃዝ እየተገለጸ ለሕዝብ ይፋ ይደረግ ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግድቦቹና ሦስቱ ዓመታት

ኬፕ ታውን አራት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። ዝናብ የምታገኘው በአብዛኛው ከሜይ እስከ ኦገስት ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ነው። ውሃዋ የሚመጣው ከስድስት ታላላቅ ግድቦች ሲሆን፣ ስድስቱ በጠቅላላው 900 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛሉ። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቲዋተርስክሉፍ በተባለው በአንዱ ግድብ ብቻ የሚጠራቀም ነው። ግድቦቹ የከተማይቱ ብቻ አይደሉም። በአካባቢው የሚገኙ የወይንና የፍራፍሬ እርሻዎችም የመስኖ ድርሻ አላቸው።

በ2014 ግድቦቹ ሞልተው ነበር። በ2015 ዝናቡ ቀነሰ፤ በ2016 አልተሻሻለም፤ በ2017 ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ግድብ ያለው ከተማ ድርቅን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ገበሬው ዝናቡ በቀረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማሳውን ተመልክቶ የሚመጣውን ያውቃል። የከተማው ነዋሪ ግን ቧንቧውን በከፈተ ቁጥር ውሃው እንደ ወትሮው ስለሚወርድለት አንዳች ነገር የጎደለ አይመስለውም። አስተዳደሩም ቢሆን በመጀመሪያው ክፉ ዓመት ጠንካራ ደንብ ለማውጣት ያመነታል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ችግሩን ይፈታዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋልና። ውሃ በብዛት ሊቆጠብ የሚችለው ግን ገና በብዛት በሚገኝበት በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ደንቡ ከሰዓት ወደ ሊትር እንደ ተለወጠ

የኬፕ ታውን አስተዳደር የውሃ ገደቡን በደረጃ ከፋፍሎ ነበር ያወጀው። ደረጃ 2 በጃንዋሪ 2016፣ ደረጃ 3 በኖቬምበር 2016 ሥራ ላይ ዋሉ። እነዚህ ደንቦች ይናገሩ የነበሩት ስለ አትክልት ማጠጫ ሰዓትና መሣሪያ ነው። በደረጃ 3 ለምሳሌ አትክልትን በጎማ ቱቦ ማጠጣት ተከልክሎ በባልዲ ብቻ ተፈቀደ። ሆኖም በባልዲም ቢሆን ያሻውን ያህል ማመላለስ ለሚችል ሰው ይህ ገደብ ገደብ ሊባል አይችልም። ተቆጣጣሪውም ጥፋተኛውን ማግኘት የሚችለው በየአጥሩ እየዞረ ሲመለከት ብቻ ነበር።

የደንቡ ጠባይ የተለወጠው በ2017 አጋማሽ ነው። ከተማይቱ በማርች 2017 የአደጋ ጊዜ ሁኔታ ካወጀች በኋላ፣ በጁን ወር ደረጃ 4 ታወጀ። በዚህም አንድ ሰው በቀን ከ100 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ተወሰነ፤ የቧንቧን ውሃ ለአትክልት ማዋልም ፈጽሞ ተከለከለ። በጁላይ ገደቡ ወደ 87 ሊትር ወረደ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2018 ደግሞ 50 ሊትር ሆነ።

ከሰዓት ይልቅ በሊትር መናገሩ ለምን እንደ ጠቀመ መገንዘብ አያስቸግርም። ሻወር በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርድ ቢሆን ሁለት ደቂቃ የታጠበ ሰው 20 ሊትር ጨርሷል። የመጸዳጃ ቤቱ ገንዳ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ 9 ሊትር ይሄዳል። የቀረው 21 ሊትር ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለዕቃና ለልብስ ማጠቢያ መብቃት አለበት። ማንኛውም የቤት እመቤት ይህንን ስሌት በቤቷ ልታደርገው ትችላለች። ሰዎችም የታጠቡበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅመው ለመጸዳጃ ቤት ማዋል የጀመሩት ስሌቱ ስላስገደዳቸው ነው።

አስተዳደሩም በበኩሉ ለቁጥጥር የሚመች መለኪያ አገኘ። አራት ሰዎች በቀን 50 ሊትር ቢጠቀሙ በወር 6,000 ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ ያስመዘገበ ቆጣሪ ሁሉ በቅድሚያ ክትትል እንዲደረግበት ተወሰነ። ከመጠን ያለፉት ላይ ውሃውን በቀን ከተወሰነው ልክ በላይ እንዳያሳልፍ የሚዘጋ መሣሪያ ተገጠመ። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የየቤቱን ፍጆታ የሚያሳይ ካርታ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ቆጣቢዎቹ ቤቶች በአረንጓዴ ነጥብ ይታዩ ነበር። ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ያስነሣል ተብሎ የተተቸ ቢሆንም፣ ጎረቤቱ መቆጠቡን ያላየ ሰው እኔ ብቻ ለምን እቸገራለሁ ማለቱ ስለማይቀር፣ እርምጃው ያለ ምክንያት የተወሰደ ነበር ለማለት አይቻልም።

ጉድለትም ነበረው። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሦስትና አራት ቤተሰብ በጓሮ ተከራይቶ በሚኖርበት ሰፈር የወር ድምሩ ከፍ ማለቱ ብክነትን አያመለክትም። ከአራት ሰዎች በላይ የሚኖሩበት ቤት ድርሻው እንዲጨመርለት ማመልከት የሚችልበት ሥርዓት የተዘጋጀውም ለዚህ ነው። ሆኖም ማመልከቻ መሙላት የሚችለውና የማይችለው እኩል አይደሉም። ይህንን በየወረዳው የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የከተማይቱ የዕለት ፍጆታ ድርቁ ሲጀምር በሞቃቶቹ ወራት ከአንድ ቢሊዮን ሊትር በላይ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ወደ 500 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወረደ። በሌላ በኩል በዚያው ጊዜ በጥድፊያ የታቀዱት ሦስት ጊዜያዊ የባሕር ውሃ ማጣሪያዎች ሦስቱ ተደምረው በቀን 16 ሚሊዮን ሊትር ያህል ብቻ የሚያመርቱ ነበሩ። አዲስ ምንጭ ፍለጋው የሚናቅ ባይሆንም፣ ከተማይቱን ያተረፋት በዋነኛነት የፍጆታው መቀነስ መሆኑን እነዚህ አኃዞች ያስረዳሉ።

የ25 ሊትር ስሌት

የግድቦቹ ውሃ 13.5 በመቶ ሲደርስ አብዛኛው የከተማይቱ ቧንቧ እንዲዘጋና ሕዝቡ 200 ያህል በሚሆኑ የማከፋፈያ ቦታዎች ተሰልፎ በሰው በቀን 25 ሊትር እንዲቀዳ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ያ ቀን «ዜሮ ቀን» ተባለ። በጃንዋሪ 2018 በወጣው ግምት ኤፕሪል 12 ቀን ላይ ይውል የነበረው ይህ ቀን፣ ፍጆታው እየቀነሰ በሄደ መጠን ወደ ሜይ 11፣ ወደ ጁን 4፣ ከዚያም ወደ ጁላይ 9 ተገፋ። በማርች ወር በዚያ ዓመት እንደማይደርስ ተገለጸ። ለዚህም የነዋሪው ቁጠባ ብቻ ሳይሆን የመስኖው ድርሻ መቆረጡና በአቅራቢያው ያለ የገበሬዎች የውሃ ማኅበር በፌብሩዋሪ 2018 ከራሱ ግድብ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ለከተማይቱ መልቀቁ ረድቷል።

ዕቅዱ ሥራ ላይ አልዋለም። ነገር ግን የእርዳታ ሠራተኛ ሊመረምረው የሚገባ ነው። አራት ሚሊዮን ሕዝብ ለ200 ቦታ ሲካፈል ለአንድ ቦታ 20,000 ሰው ይደርሳል። ስፊር በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ መሠረት በደቂቃ 7.5 ሊትር ለሚያወርድ አንድ ቧንቧ የሚመደበው ሰው 250 ነው። ስለሆነም በእያንዳንዱ ቦታ 80 ቧንቧ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። መመዘኛው የተሰላው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ታስቦ ነው፤ በዚህ መጠን 250ው ሰዎች ቀድተው ለመጨረስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስድባቸዋል። መጠኑ 25 ሊትር ሲሆን ግን ያው ቧንቧ ያለ አንዳች ማቋረጥ ወደ 14 ሰዓት ያህል መፍሰስ አለበት። ጀሪካን ለማቀባበል የሚባክነው ጊዜ፣ የቧንቧ ብልሽትና የሰልፍ ጠብ በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። አራት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በየቀኑ 100 ኪሎ ውሃ ተሸክሞ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት፤ አሮጊቷና አካለ ስንኩሉ በምን ኃይላቸው እንደሚሸከሙት ደንቡ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ይህ ስሌት ለመጠለያና ለሰፈራ ጣቢያም ያገለግላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሌሎች የምዕራብ አካባቢዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲሰፍር እንደ ታየው፣ ሰው በብዛት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨናነቀው የውሃው ቦታ ነው። በድርቅ ጊዜ ለአንድ ሰው ሊደርስ የሚገባውን ሊትር በደንብ መጻፍ፣ የቧንቧውን ቁጥርና የሚከፈትበትን ሰዓት ካልጨመረ በወረቀት ላይ የሚቀር ነው።

ከማን ላይ ይቆረጣል

የኬፕ ታውንን ደንብ ወደ እኛ አገር ለማምጣት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማመዛዘን ይኖርበታል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሊደረስበት የታቀደው መጠን ለገጠር ነዋሪ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ደግሞ 50 ሊትር ነበር። እንግዲህ በዚያ በመጨረሻው የችግር ደረጃ የታወጀው 50 ሊትር እኛ ዘንድ ለአነስተኛ ከተማ እንደ ግብ የተያዘ መጠን ነው። «ዜሮ ቀን» ሲደርስ ይታደላል የተባለው 25 ሊትርም የገጠራችን ግብ ነው።

በዚያው በኬፕ ታውንም ቢሆን ነገሩ ለሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። በከተማይቱ ዳር በቆርቆሮና በሳንቃ በተሠሩ መንደሮች የሚኖረው ሕዝብ ቁጥሩ ብዙ ቢሆንም ውሃ የሚቀዳው ከጋራ ቦኖ ስለሆነ፣ የሚጠቀመው ከከተማይቱ ጠቅላላ ፍጆታ ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም ነበር። ከዚህ ሕዝብ ላይ ግማሹን ቢቆርጡ እንኳ ግድቡ ውስጥ የሚታይ ለውጥ አይመጣም፤ በሽታ ግን ይመጣል። ውሃው የተገኘው የአትክልት ቦታና የመዋኛ ገንዳ ካላቸው ቤቶች፣ ከመስኖውና የቧንቧዎቹን ግፊት በመቀነስ በየመንገዱ ይፈስ ከነበረው ብክነት ነው።

ከዚህም የተነሣ በአንድ የአገራችን የወረዳ ከተማ ድርቅ ሲገባ የመጀመሪያው ደንብ የቦኖን መክፈቻ ሰዓት የሚያሳጥር ከሆነ፣ ውሃ ከሌለበት ቦታ ውሃ እንደ መፈለግ ይቆጠራል። አስቀድሞ መታየት ያለባቸው የሚያፈሱ መስመሮች፣ የመኪና ማጠቢያዎች፣ የግንባታ ሥራዎች፣ ሆቴሎችና ከዚያው ምንጭ የሚጠለፍ መስኖ ናቸው። ሕጉም ለዚህ መሠረት ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል።

የግል ጉድጓድም ሊረሳ አይገባውም። በኬፕ ታውን አቅም ያላቸው ነዋሪዎች የቧንቧው ውሃ ሲገደብ በግቢያቸው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ። በመጨረሻም ደንቡ እነዚህንም አካቶ፣ በጉድጓድ ውሃ አትክልት ማጠጣት ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። የከርሰ ምድሩ ውሃ የጋራ ሆኖ ሳለ መቆፈሪያ ገንዘብ ያለው ብቻ እንዲጠጣው መተው ፍትሕ አይሆንም።

የገቢው ጉዳይ

በደንብ አወጣጥ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ውሃ ሸጦ የሚተዳደር ድርጅት ሕዝቡ ሲቆጥብለት ገቢው ይቀንሳል፤ ወጪው ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል። የኬፕ ታውን አስተዳደር ጉድለቱን ለመሙላት በዲሴምበር 2017 በቤት ግምት ላይ የተመሠረተ የድርቅ ክፍያ ለመጣል ሐሳብ ቢያቀርብ 60,000 የሚያህል ተቃውሞ ስለ ቀረበበት በሚቀጥለው ወር ሐሳቡን አነሣ። በጁላይ 2018 በቆጣሪው ስፋት ልክ የሚከፈል ቋሚ ሂሳብ ተደነገገ። ነዋሪው ታዝዞ ቆጥቦ ሳለ ሂሳቡ ከፍ ማለቱ ቅሬታ አሳድሮበታል፤ ቅሬታውም ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በኩል ፓምፑ በነዳጅ በሚሠራበት ከተማ የገቢው መውደቅ ፓምፑን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የነዳጁ ወጪ ከየት እንደሚሸፈን የሚናገር አንቀጽ ገደቡን ከሚደነግገው አንቀጽ ጋር አብሮ መውጣት ይኖርበታል።

በቦረና ኤላዎች ዘንድ ያለው ሥርዓት

ገደብ የሚደረገው ቆጣሪ ባለበት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች የሚሠራበት ሥርዓት ውሃን በሊትር አይለካም፤ የሚለካው በተራ ነው። እያንዳንዱ ኤላ የሚጠራበት ጎሣ ያለው ሲሆን፣ የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ የሚባለው ኃላፊ ነው። በደረቁ ወራት ከብት በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ ይጠጣል። ድርቁ ሲከፋ ከዚያም ይዘገያል። ተራውን የጣሰ ሰው ጉዳዩ በኤላው ጉባኤ ይታያል። ለሰው የሚጠጣ ውሃ ግን ለመንገደኛም ቢሆን አይከለከልም።

ከዚህ ሥርዓት ጠቃሚው ክፍል ዝናብ ሲዘንብ የሚደረገው ነው። ኩሬዎች እንደ ሞሉ ኤላዎቹ ይዘጉና ከብቱ ሁሉ ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ የኤላው ውሃ ለክፉው ጊዜ ይቆያል። የኬፕ ታውን አስተዳደር በ2015 ማድረግ የነበረበትና ሳያደርገው የቀረው ይኸው ነው። የእርዳታ ድርጅቶች በእንዲህ ያለ አካባቢ አዲስ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ተራውን ማን እንደሚያስጠብቅ፣ በዝናቡ ወራትስ ጉድጓዱ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል የሚለውን ከአባ ሄሬጋዎቹና ከቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ጋር አስቀድመው ካልወሰኑ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃ ከብቱን በአንድ ቦታ አከማችቶ በዙሪያው ያለውን ግጦሽ ያጠፋዋል።

ደንቡን ስለ ማንሣት

ገደብን ማንሣትም እንደ ማውጣቱ በመለኪያ መታሰር አለበት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሕዝቡ ገደቡ እንዲነሣለት ይጠይቃል። በኬፕ ታውን በ2018 የዝናቡ ወራት ግድቦቹ ሲያገግሙ አስተዳደሩ ገደቡን በአንድ ጊዜ አላነሣውም። በኦክቶበር 2018 ግድቦቹ 70 በመቶ ገደማ ሞልተው ሳለ ለአንድ ሰው የተፈቀደው 70 ሊትር ብቻ ነበር። በዲሴምበር 105 ሊትር ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም የከተማይቱ ፍጆታ ድርቁ ከመግባቱ በፊት ወደ ነበረበት መጠን አልተመለሰም፤ በቆጣሪው ስፋት ልክ የሚከፈለው ሂሳብም ገደቡ ከላላ በኋላ ጸንቶ ቆይቷል።